የባሱኑ አንገት

ጥቅምት 8

ይድረስ ለቀጭኔ፣

ደኅና ነህ ወይ ብዬ ልጠይቅህ ነበር፤ ግን ደኅንነትህን ከደብዳቤህ ሰምቻለሁ። ደኅና ያልሆነ ሰው ያን ያህል አይለፈልፍም። እኔም ደኅና ነኝ። ይህን የምትጽፈው ምራቴ ናት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረኝ ነው። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ጽሕፈቷ ንጹሕ ነው። የምለውን እንዳለ እንድታሰፍር ነግሬያታለሁ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ስድብ ነው፤ ልጻፈው?» ትለኛለች። ጻፊው ብያታለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ቀን እንኳ ሞተ ወይ ዳነ ብለህ ያልጠየቅኸኝ ሰውዬ፣ ዛሬ ከየት ተነሥተህ ነው «ወንድሜ» የምትለኝ? አድራሻህን የሰጠኝ የድሮው ትሮምቦን ነፊያችን ነው ብለሃል። እሱማ ባለፈው ክረምት እንጨት መሰንጠቂያው በር ላይ አግኝቶኝ፣ ሻይ ጋብዞኝ፣ ስለ ልጅ ስለ ጤና ሲጠይቀኝ ዋለ። እኔም የዋሁ፣ ናፍቆኝ ነው ብዬ። ለካ ተልኮ ኖሯል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሱ ነው። ላኪው ደግሞ አንተ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ጥርስህ እንዴት ነው ብለሃል። ምን አገባህ? በቅሎ ልትገዛ ነው? ትንፋሽህስ ብለሃል። የቤታችንን ደረጃ፣ ሃያ ሁለቱን፣ ሳልቆም እወጣለሁ። ምራቴ እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማ እያየችኝ ነው። እሺ፣ አንድ ጊዜ እቆማለሁ። ጣቶችህስ ብለሃል። ጣቶቼ አሥር ናቸው።

የሙዚቃ ባንዳችን ሃምሳ ዓመት ሞላው፣ የድሮዎቹ ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጠን ጥር 20 እንነፋለን፣ አንተም እንደ ድሮው ከጎኔ ተቀመጥ ትለኛለህ። እስቲ ንገረኝ፣ ለምን እኔ? ሁለተኛ ባሱን የሚነፋ ሰው ከከተማው ጠፍቶ ነው? ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩ ልጆች ሞልተዋል ይባላል። ወይስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ደግመህ ልታስቅብኝ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ አንዴ ተመንጥሬያለሁ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመነጠር የለኝም።

ደግሞስ በምን ልንፋ? ባሱኑ፣ ያ ረጅም የእንጨት መንፊያዬ፣ አልጋዬ ሥር አለ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ «አንገት የሌለው ባሱን ለማገዶ ነው የሚሆን፤ ውሰደው» ብሎ ከሰጠኝ ቀን ጀምሮ ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። በዓመት ሁለቴ አውጥቼ እንጨቱን ዘይት እቀባዋለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስተኛዋለሁ። አንገቱ፣ ያ በከንፈር የምትያዘው ሸምበቆ የምትሰካበት ቆልማማው ብረት፣ ከሌለ ዝሆን ቢነፋውም ድምፅ የለው። አንገቱ የት እንደገባ ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተን ቢጠይቁ ይሻላል። ሌባ አላልኩህም። ይሻላል ነው ያልኩት።

ዘጠኝ ዓመት አንድ የኖታ ማስቀመጫ ለሁለት ተካፍለን ነፍተናል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድመህ ትገባና፣ ከሙዚቃው የራስህን ክፍል ነፍተህ ስታበቃ የእኔንም ክፍል ትነፋው ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማሃለሁ። የሰው ክፍል የሚነፋ ጉረኛ ብዬ ያኔም አምቼሃለሁ፤ አሁንም አልተውኩም።

አልመጣም። ለምን እንደፈለግኸኝ እውነቱን ከጻፍክ ግን አነበዋለሁ።

ድንጋዩ የምትሉኝ፣ ስሜን ካልረሳኸው


ጥቅምት 21

ለወንድሜ ለድንጋዩ፣

እንደምን ከርመሃል? ስድብህ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል፤ የሞተ ሰው አይሳደብምና። ለምራትህ ምስጋናዬን አድርስልኝ። ጽሕፈቷ ጎላ ያለ ነው። እንዲህ አጉልቶ የሚጽፍ ሰው ዘንድሮ የለም።

ይቅርታ ብጠይቅህ ስለ ምን እንደሆነ መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሱን ደግሞ በወረቀት አልችለውም፤ ፊት ለፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ይቆየኝ።

ከዚህ ጋር ጥቅል ይደርስሃል። ሳትወረውረው ክፈተው። ሁለት አዲስ ሸምበቆ አለበት። ራሴ ነኝ የቀረጽኳቸው፤ ግን ቢላው እየሳተ አስቸግሮኛልና የድሮውን ያህል አልጠበብኩባቸውም። ሌላው ዕቃ ያንተው ነው። ዝገት የለበትም፤ በየዓመቱ ጠርጌዋለሁ።

ለምን እኔ ላልከው፣ ከጎኔ ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ይኸው ነው። የአሁኑ መሪ ወጣት ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ኖታውን በጣም አሳንሶ ያትመዋል። አዳራሹንም አድሰነዋል ብለው መብራቱን ቀንሰውታል፤ ምን እንደታያቸው እንጃ። ከአሮጌዎቹ ሙዚቃዎች ሦስቱን እንነፋለን፤ ሁለት አዲስ ደግሞ ይጨመራል ተብሏል። ልምምዱ ታኅሣሥ 25 ይጀምራል።

ሌላም የምለው ነበረኝ። እሱም ይቆየኝ።

ቀጭኔ


ኅዳር 2

ለቀጭኔ፣

ሰላምታ የለም። ምራቴ «ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ እንዴት ይላካል» አለችኝ። እንግዲያው ሰላም ለቤተሰቦችህ፤ ላንተ አይደለም።

ጥቅሉን ከፈትኩት። ጨርቁን ስገልጠው ዐይኔን አላመንኩም። ወደ መስኮቱ ወስጄ ከሥሩ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ያቺ ምስር የምታህል ስርጉድ አለች፤ ደረጃ ላይ የጣልኩት ቀን የወጣችው። የእኔ አንገት ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ጠራጊዋ ትሆናለች፣ ወይ ከሣጥኑ ወድቆ ይሆናል» እያልኩ ላንተ ጠበቃ ቆሜልህ ኖሬያለሁ። በአፌ ባማህም ሆዴ አላመነም ነበር። አሁን ሆዴም አመነ። ሌባ ዕቃ ስለመለሰ ሌባ አልነበረም አይባልም፤ ዕቃው ከብዶት ነው።

ረስተኸው እንደሆነ ያን ቀን ላስታውስህ። ሽማግሌው መሪያችን ጡረታ ወጥተው አዲሱ የመጣበት ሳምንት ነው። ሽማግሌው እኔን ከዕቃ ተሸካሚነት አንሥተው ባሱን ያስያዙኝ ሰው ናቸው። አዲሱ ግን ማንንም አያውቅም። «ነገ አንድ በአንድ ፊቴ እየቆማችሁ አይታችሁት የማታውቁት ገጽ ትነፋላችሁ፤ ያልቻለ ይሰናበታል» አለን። ሁለቱን ባሱን አንድ ሊያደርጉት ነው የሚል ወሬም ነበር። አንዳችን ስንወጣ ሌላው እንደሚቀር እኔም አንተም እናውቃለን። እኔ አልፈራሁም። ምራቴ፣ አልፈራሁም ብለሽ ጻፊ።

በማግስቱ ሣጥኔን ስከፍት አንገቱ የለም። አርባ ሰው ቆሞ ያየኛል። ከበሮ መቺው «ድንጋዩ አንገቱን በላው» አለና ሁሉም ሳቁ። አንተ ብቻ አልሳቅህም፤ ጫማህን ነበር የምታየው። የጠረጠርኩህ ያን ጊዜ ነው። መሪው «አንተ ነገ ትፈተናለህ» ቢለኝም በየትኛው ዐይኔ ነገን ልይ? ክዳኑን ዘግቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ከተማውንም ለቀቅኩ። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት ሙዚቃ የመጋዝ ድምፅ ነው፤ እንጨት መሰንጠቂያ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ።

ነፋኸው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ነፍቼዋለሁ፤ ዕቃው የእኔ መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ። የመጀመሪያው ድምፅ ዘይት ያላየ በር ነው የሚመስለው። ጎረቤታችን ግድግዳውን ደበደበች። ሁለተኛው፣ ያ ከታች የሚመጣው ወፍራሙ ድምፅ፣ ስለ እሱ አልነግርህም። የታች ሁለት ጥርሶቼ ስለሌሉ ነፋሱ በጎን ይሾልካል። ይኸው፣ ጥርሴንም ሰማህ።

አንድ ነገር ደግሞ። ምራቴ ደብዳቤህን ስታነብ አንገቷ ይጣመማል። ምነው ስላት፣ መስመሩ ወደ ታች እየተንሸራተተ ከወረቀቱ ይወጣል አለችኝ። የመጨረሻዎቹን ቃላት ጠረጴዛው ላይ ሳትጽፋቸው አልቀረህም። ያኔ ጽሕፈትህን አርባው ሰው ነበር የሚያደንቀው። መጠጥ ጀምረሃል?

አንገቱን ለምን እንደወሰድከው ጻፍ። ካልጻፍክ ሸምበቆዎችህን መልሼ እልካቸዋለሁ።

ድንጋዩ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ የጸሐፊዋ ነው፤ አባባ አልነገሩኝም። ጋሼ፣ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማረጋገጥ ብቻ ነፋሁት ያሉት ልክ አይደለም። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሥር ቆሜ እሰማቸዋለሁ። እግሬን ሲሰሙ ሣጥኑን ይዘጋሉ። እማማ ካረፉ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። ምክንያቱ ክፉ ከሆነ እባክዎ ለእኔ ብለው ይጻፉልኝ፤ የሚነበበውን መርጬ አነብላቸዋለሁ። ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ብቻ ነኝ። እጃቸውም አይንቀጠቀጥም።


ኅዳር 23

ለቀጭኔ፣

ጽሕፈቱ ቢቀየርብህ አትደንግጥ። ይህን የሚጽፈው የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ስለሚያቋርጠኝ ነገሬ ቢቆራረጥ የእሱ ጥፋት ነው። ምራቴን ከሥራ አሰናብቻታለሁ። ከጸሐፊነት ማለቴ ነው እንጂ ከቤትማ ማን ያስታምመኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እኔ ተናግሬ ስጨርስ ብዕሯ አልቆመም። አፌ ዝም ብሎ ወረቀቱ ይንጫጫል። አይቼ ዝም አልኳት። ከዚያ መልስህ መጣ። ፖስታው ወፍራም፣ ንባቡ አንድ ትንፋሽ። «ከዕቃዬ ጋር ተደባልቆብኝ ነው፣ አፍሬ ሳልመልሰው ቀረሁ ይላሉ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ ደግመሽ አንብቢልኝ አልኳት። አሁን እፍረቱ ቀድሞ መደባለቁ ኋላ መጣ። በሦስተኛው ቀን እፍረቱ ጭራሽ ጠፍቶ ለእኔ ሰላምታ ተተካበት። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ቦታ አይቀያየርም። እኔም አንዴ የሰማሁትን አልስትም፤ አንተ ታውቃለህ። ለካ ከማንም በላይ አንተ ታውቃለህ።

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። አስተካካዩ ግማሽ ጺሜን ላጭቶ ምላጩን አስቀመጠና አነበበልኝ። ሲጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ሌላው ግማሽ ጺሜ መንገድ ላይ ትዝ አለኝ፤ አልተመለስኩም።

ኖታ ማንበብ እንደማልችል ከመጀመሪያው ሳምንት አውቀህ ኖሯል። አንተ ራስህን ስትነቀንቅ ጠብቄ ገጽ እንደምገለብጥ አውቀህ፣ ሆን ብለህ ትነቀንቅልኝ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት የእኔን ክፍል የምትነፋው በር ላይ መቆሜን እያወቅህ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ አርፍጄ ስደርስ፣ ነፍተህ ጨርሰህ ነበር፤ «ዛሬ ከንፈሬ አልሞቀልኝም» ብለህ እንደገና ከሀ ጀመርከው። እሱም ትዝ አለኝ። እኔ ደግሞ ጉረኛ እልህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጉረኛ።

አንገቱን የደበቅኸውም ያን ቀን እንዳልፈተን ነው። የፈተናውን ገጽ ይዘህ ወጥተህ በማግስቱ ጠዋት ልትነፋልኝ፣ አንገቱንም በዚያው ሣጥኔ ውስጥ ልትመልስ። እኔ ግን ለማግስቱ አልቆየሁልህም።

ሦስት ቀን ባሱኑን አልነካሁትም። መጀመሪያ በአንተ ተናደድኩ። አርባ ሰው ፊት ከምታዋርደኝ በጆሮዬ ሹክ ብትለኝ ምን ነበረበት? ከዚያ አሰብኩት። ብትነግረኝ ማወቅህን አውቅ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ በባሱኑ ራስህን ነበር የምመታህ፤ ባሱኑንም አንተንም ነበር የምሰብረው። ስለዚህ በማን እንደምናደድ አጣሁ። አሁን በአስተካካዩ ላይ ተናድጃለሁ፤ ይኸው እየጻፈው ይስቃል።

አዎ፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። እጄ አይንቀጠቀጥም። ይህን በአፌ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አስተካካዩ ላያወራ ምሏል፤ የፀጉር አስተካካይ መሐላ ምን እንደሆነ ግን አንተም እኔም እናውቃለን።

አንድ ነገር አሁንም አልገባኝም። ለምን ዘንድሮ? ሠላሳ አንድ ዓመት መሳቢያህ ውስጥ የከረመውን ዕቃ ዛሬ ምን አስወጣህ? ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ። የሆነ ነገር ደብቀኸኛል።

ድንጋዩ


ታኅሣሥ 4

ለወንድሜ ለድንጋዩ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ ያለፈውንም የጻፈችው እሷ ናት። ሰሞኑን እጄ እየተንቀጠቀጠ አስቸግሮኛል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። ጉረኛ ስለማለትህ እንዳታስብ፤ ያኔም ስታማኝ እሰማህ ነበር። አንተ ከተውከው ይበቃኛል።

ለምን ዘንድሮ ላልከው ምንም የተለየ ነገር የለም። አርጅተናል፤ ይኸው ነው። ደግሞም ነገሩ እንደዚያ ባይሆን ይሻላል እያልኩ ነው። መሪው ሁለቱን አዲስ ሙዚቃዎች ሰጥቶናል፤ ገጾቹ ልጄ ጋ አሉ። ቦታዬን ለወጣት ብለቅ ሳይሻል አይቀርም። መንገዱም ሩቅ ነው፤ ብርድም ነው። ባትመጣ አልቀየምህም። ሸምበቆዎቹን ግን አትመልሳቸው።

ቀጭኔ


ታኅሣሥ 13

ለወንድሜ ለቀጭኔ፣

እንደምን አለህ? ቤተሰቦችህስ እንደምን አሉ? ልጅህ፣ ጸሐፊዋ፣ እንደምን ናት? በኅዳር የነፈግኩህን ሰላምታ ይኸው አሁን ከነትርፉ ውሰድ። ይህን የምትጽፈው ምራቴ ናት። ታርቀናል። ጅራት እንዳትጨምርበት ግን አስምያታለሁ። አንቺም የምታነቢለት ልጄ፣ አንድም ቃል ሳትቀንሺ አንብቢለት፤ ቆጥሬ ነው የላክሁት።

አሁን ስማኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል የምትለው ውሸት የእኔ ናት። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ መግቢያ ላይ አለች፤ ያነሣሃት ከዚያው ነው። ውሸት ቢቸግርህ የራስህን ፈልግ እንጂ የሰው አትውሰድ።

እኔ የተማርኩት መጠርጠር ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ያልከኝን ሁሉ ከመጀመሪያው በሐሳቤ ደገምኩት። ኖታው አነሰ አልክ። መብራቱ ተቀነሰ አልክ። የምራቴን ጽሕፈት ጎላ አለልኝ ብለህ አመሰገንክ። ቢላው ሸምበቆው ላይ ሳተህ። መስመርህ ከወረቀቱ ወረደ፤ እኔም መጠጥ ነው አልኩህ፤ ለእሱ ይቅር በለኝ። ቀጥሎ ጽሕፈቱ የሌላ ሰው ሆነ። አሁን ደግሞ ደብዳቤውን አስነበብኩት ትላለህ፤ ገጾቹም ልጄ ጋ ናቸው ትላለህ። እኔ ሰባ ዓመት ሰው ሲያነብልኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚነበብለትን ሰው አነጋገር ከየትም አውቀዋለሁ። ከዐይንህ ምን ያህል እንደቀረህ አልጠይቅህም። ሆድ ይፍጀው። ከዚህ ቤት ወሬው አይወጣም፤ ለዚህም ነው ወደ አስተካካዩ ያልሄድኩት።

ቦታዬን ለወጣት ልልቀቅ ያልከውን አልሰማሁም። ጆሮዬ የሚሰማውን ይመርጣል።

እመጣለሁ። ምራቴ የመንገዱን ቲኬት ገዝታለች፤ ማክሰኞ ተነሥቼ ረቡዕ እገባለሁ። የማርፈው ትሮምቦን ነፊው ቤት ነው። አንዴ ለአንተ ተልኮ የለ፣ አሁን ደግሞ ለእኔ ይላክ። የእሱም ኖታ እንደ እኛ የወፍራም ድምፅ ነውና የእኛን መስመር ማንበብ ይችላል። ሁለቱን አዲስ ገጽ ከልጅህ ተቀብሎ የሁለታችንንም ክፍል አንድ አንድ ጊዜ ይነፋልኛል፤ አንዴ ይበቃኛል። ለምን ሲለኝ፣ ኖታ ማንበብ አልችልም፣ ድሮም አልችልም ነበር ብዬዋለሁ። በስልክ ነው የነገርኩት። «አሁን ገባኝ» አለ። ምን እንደገባው አልጠየቅኩትም። ምናልባት እስካሁን ለአርባውም ነግሯቸዋል፤ የሞቱት ተርፈዋል። ስላንተ ግን ምንም አያውቅም። የድንጋዩን ጉድ ሲያወራ ወዳንተ ማንም አይዞርም።

ልምምዱ በሚጀመርበት ቀን፣ ታኅሣሥ 25 ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ ና። እኔ ቀድሜህ እገኛለሁ፤ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። መጀመሪያ የራሴን ክፍል እነፋለሁ። ከዚያ ያንተን። ያ በጥርሴ ጎን የሚሾልከው ነፋስ አለ፣ ታገሠው። በር ላይ ማን እንደቆመ ለማየት አልዞርም። ካረፈድክ ከንፈሬ አልሞቀልኝም ብዬ እደግመዋለሁ። ሰው ሲሞላና ገጽ መገልበጥ ሲደርስ ራሴን አልነቀንቅልህም፤ በጉልበቴ ጉልበትህን እነካዋለሁ። ለጥር 20 እስኪበቃን ድረስ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው።

የአዳራሹ ዘበኛ ምን ሊሠራ ነው በጠዋት የሚገባው ብሎ ቢጠይቅህ፣ ድንጋዩ ጉረኛ ነው፣ የሰው ክፍል ይነፋል በለው።

ድንጋዩ